ትሬድሚል ልግዛ ወይስ ክብደት? ቤት ውስጥ ስፖርት ለመጀመር

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሌሊት ሺፍት ነው። ሐኪሜ ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ ብሎኛል። ጂም ለመሄድ ሰዓቱ አይገጥምልኝም። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነው። ስፖርት ከትምህርት ቤት ወዲህ አልሠራሁም። ትሬድሚል ልግዛ ወይስ ክብደት? ከየት ልጀምር? የምታውቁ ምከሩኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ወንድሜ፣ ትሬድሚሉን ለጊዜው ተወው። ውድ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ከሥርህ ያለው ጎረቤትም ማኔጅመንት ቢሮ ሄዶ እስኪከስህ ብዙ አይቆይም። ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ ልብስ ይሰጣበታል። መንገድ ላይ መራመድ ነጻ ነው፣ የሕንፃው ደረጃም ነጻ ነው። ገንዘብህን ለክብደቱ አውጣው።

እኛ ስፖርት ሲባል የሚታየን ሩጫ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ማራቶን በስንት ሰዓት ትገባለህ ይሉኛል፤ አውቶቡስ እንኳ ሮጬ እንደማልደርስበት የት ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ላንተ በተለይ ጡንቻው ዋና ጉዳይ ነው። ከበላህ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ የበለጠ ይወስዳል።

«ስቆም ነው የማድረው፣ ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነው» የምንል ብዙ ነን። አይደለም። መቆም እግር ያሳብጣል እንጂ ልብን አያሠራም፣ ጡንቻም አይጨምርም። መድከምና መጠንከር ለየቅል ናቸው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ አንድ ጥንድ 10 ፓውንድ እና አንድ ጥንድ 20 ፓውንድ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ለጀማሪ ወንድ ይበቃል። ለሴት 5 እና 10 ጥሩ መነሻ ነው። ወፈር ያለ ምንጣፍና አንድ ረጅም የስፖርት ላስቲክ ጨምርበት። አዲስ አትግዛ። ሰው ጃንዋሪ ላይ በወኔ የገዛውን ኤፕሪል ላይ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ለሽያጭ ይጥለዋል፤ ብረት ደግሞ አያረጅም። ክብደቱ የሚቀያየር ዓይነት ካገኘህ ከመክፈልህ በፊት መቆለፊያውን ፈትሽ፤ አንስተህ ነቅነቅ አድርገው። ብረቱ እግርህ ላይ ቢወርድ ሺፍትም የለ፣ ስፖርትም የለ።

እስክታገኝ ድረስ የጤፍ ዱቄት አለልህ። 25 ፓውንዱ ከረጢት 11 ኪሎ ገደማ ነው። በሁለት ፌስታል ጠቅልለህ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ክተተውና ደረትህ ላይ አቅፈህ ቁጭ ብድግ ሥራ። መጠቅለሉን አትርሳ፤ አለዚያ ዱቄቱ በዚፑ እየወጣ ምንጣፍህን ነጭ ያደርገዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እያሳረፍክ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ እዚያው እየተራመድክ ሰውነትህን አሟሙቅ። ከዚያ ቁጭ ብድግ፦ ወንበር ግድግዳ አስደግፍ፣ መቀመጫህ ወንበሩን ነካ ሲያደርግ ተነሣ፤ ተረከዝህ ከወለል አይነሣ። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ካቃተህ የኩሽና ካውንተር ጠርዝ ይዘህ ሥራ። እየጠነከርክ ስትሄድ ወደ ሶፋው፣ ከዚያ ወደ መሬት ትወርዳለህ። ለጀርባ አንድ እጅህን ሶፋ ላይ ተደግፈህ ዳምቤሉን ወደ ዳሌህ ሳበው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቀጣዩን ነው። ሁለት ዳምቤል ታፋህ ፊት ይዘህ ማጎንበስ። ወገብህን አታጉብጥ። እጅህ ዕቃ ሞልቶ የመኪና በር በመቀመጫህ ገፋ አድርገህ የምትዘጋውን አስብ፤ እንቅስቃሴው ያው ነው። ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል፣ ጀርባህ ቀጥ ይላል፣ የታፋህ ኋላ ሲወጠር ይሰማሃል። እዚያ ላይ ቁምና ተመለስ። በመጨረሻ ሁለቱንም ዳምቤል አንጠልጥለህ ኮሪደሩን ተመላለስ።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ መጀመሪያ ሁለት ዙር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ዙር። በየዙሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለመድገም የሚሆን ጉልበት ሲቀርህ አቁም። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላልህ ክብደት ጨምር። በማግስቱና በሣልስቱ ሰውነትህን ያምሃል፤ ያልፋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፣ ያንን እንቅስቃሴ ተወው።

በቀሩት ቀናት ፈጠን ብለህ 30 ደቂቃ ተራመድ። ወሬ ማውራት እየቻልክ መዝፈን ካቃተህ ልኩ ያ ነው። ብርድ ሲሆን ደረጃ ውጣ ውረድ። ቤት ውስጥ ከሆነም ሦስት አራት ዘፈን ከፍተህ እስክስታ ምታ። አልቀልድም፣ ያልባል። መዝለል ስለሌለበት ከታች ያለውም ሰላም ያድራል።

ሰዓቱን ከእንቅልፍ ተነሥተህ ወደ ሥራ ከመሄድህ በፊት አድርገው። ከሺፍት መልስ አልጋው ያሸንፍሃል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ከጀመርክ ግን መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ስፖርቱም ስለሚያወርደው ሁለቱ ሲደራረቡ ሊጥልህ ይችላል።

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ፦

ወንድማችን ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ አረጋውያን ቤት እየሄድኩ ነው የምንከባከበው፤ ሰው ከአልጋ ማንሣት ወገቤን ጨርሶት ነበር። ያቺ የማጎንበሷ ሥራ ናት ያዳነችኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ አትደብቁት። የኔ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው። እንግዳ ሲመጣ ያምራል አያምርም ብዬ አልጨነቅም።

ጥያቄም አለኝ። ሑዳዴ ላይ እንዴት ታደርጋላችሁ? ባዶ ሆዴን ስሠራ ዓይኔ ይጨልምብኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

እህቴ፣ የምትበዪበት ሰዓት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሥሪ፣ ወዲያው ትበያለሽ። በዚያ ወቅት ክብደት አትጨምሪ፣ ዙሩንም ወደ ሁለት አውርጂው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በደንብ ብዪ፤ ጾም ላይ እንጀራና ጎመን ብቻ የሚበላ ሰው ጡንቻ ከየት ያመጣል? ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉም በስልስ ሲጠበስ አይከፋም። ረመዳን የሚጾሙትም ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለውን፣ ክብደቱን ከበሉና ከጠጡ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። ዓይንሽ ከጨለመብሽ ግን ቁጭ በይ። ጾሙም ስፖርቱም ነገ ይደርሳል።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን፦

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ናት። 70 ዓመት አልፏታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ናት። ይሄ ለእሷም ይሆናል?

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ፦

እንዴታ፣ ሐኪሟ ከፈቀደ። ለእማማ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ደግፈው 5 ጊዜ ይጀምሩ። ላስቲኩን ቁጭ ብለው ወደ ደረታቸው ይሳቡ። ካውንተር ይዘው በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለትም ሚዛን ይጠብቃል፤ በዚያ ዕድሜ ዋናው ፍርሃት መውደቅ ነው። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ትንፋሽ አፍነው እንዳይሠሩ አደራ፤ ማፈን ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ሲነሡ ጮክ ብለው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይቁጠሩ፣ እየቆጠሩ ማፈን አይቻልም። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቡና ይጠጡና ይሻላቸዋል ብለሽ አትጠብቂ፣ 911 ደውዪ።