ሒሳብ ለቅቄ ብወጣ በበጎ ፈቃድም ሒሳብ ጠበቀኝ

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራው ሲያዝለኝ ለቅቄ፣ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በሳምንት 4 ሰዓት አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ አግዛለሁ፤ መድኃኒት ማምጣት፣ መላላክ፣ ማጫወት። እሱ ነፍስ ዘራብኝ። ሙያዬ ሲታወቅ ግን የባንክ ማስታረቂያው (መዝገቡን ከባንክ መግለጫው ጋር ማመሳከር)፣ የለጋሾች ሪፖርቱ፣ የደረሰኝ ፋይሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ማታም ይደወላል። ድካም፣ ከሥራው መሸሽ፣ ምንም አልረባሁም የሚል ስሜት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለሥራ መዛል የሚዘረዝራቸው ሦስቱም ተመልሰዋል።

ሰዓቴን ወስኜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወር መዝጊያ ሲደርስ ይረሳል። የአሠራር መመሪያ ጽፌ ላስረክብ ብልም ተረካቢ አልተመደበም። በአንዴ እንዳልተው ኦዲት ተቃርቧል። ጉብኝቱን ሳላጣ ሒሳቡን ለማስረከብ ከድርጅቱ ጋር የምፈራረመው ስምምነት ምን ምን ነጥቦችን መያዝ አለበት?