የካቲት 1966ን የሚመለከት የጋራ የጥናት ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ “ዘመናዊ ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ ባህልና ትምህርት” የሚል ርዕስ ይዘን ተለያየን። ለዓመታዊው ጉባኤ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ ግን ሁለት ገጽ ነው። በዚህ ርዕስ ሁለት መቶ ገጽም አይበቃንም። እናጥብበው። ያላችሁን እዚሁ ጻፉ፣ አርብ ማታ ጸሐፊያችን ሰብስባ ረቂቅ ታወጣለች።

የታሪክ መምህሩ፦
እኔ ከምኒልክ ትምህርት ቤት ብንነሳ ይሻለኛል። ከግብፅ የመጡት የኮፕት መምህራን፣ በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ጣልያን የፈጀው የተማረ ትውልድ፣ ከዚያ በ1943 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። ሁሉም የተያያዘ ነው። መሀሉን ቆርጠን ብናቀርብ ሰው ግራ ይጋባል።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ ይሄማ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሚሰጥ ኮርስ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላቅርብ፤ ሴክተር ሪቪው።

ለማያውቁት በአጭሩ። በ1964 ትምህርት ሚኒስቴር፣ የዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የውጭ ባለሙያዎች ሆነው የሀገሪቱን ትምህርት ከላይ እስከ ታች ፈተሹ። ያዩት ችግር እውነተኛ ነበር። አብዛኛው የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ደጃፍ አይደርስም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ደግሞ ከተማ ውስጥ እየበዛ ነው። መፍትሔ ብለው ያመጡት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ዕድገቱ ይገታ የሚል ነው።

ወረቀቱ ላይ ካየነው ለገጠሩ ያዘነ ጥናት ነው። ከተማ ውስጥ የተሰማው ግን ሌላ ነው። የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊያስቆሙት ነው፣ የሹም ልጅ ይቀጥላል ተባለ። መምህሩም ሳያማክሩን ወሰኑብን፣ ደመወዛችንም ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የነዳጅ ጭማሪ ያስመረራቸው ባለታክሲዎችም መኪናቸውን አቆሙ። ወሎ ላይ ረሀብ አለ። ነገሌ ቦረና ያለው ጦር ከወር በፊት አምጿል። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን ወደ ጎን አደረገው፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ራሱ ወረደ።

ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ ባህል፣ ትምህርት ስትሉ የነበረው ሁሉ እዚህ አንድ ወር ውስጥ አለላችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ደህና አድርገሽ አስቀመጥሽው። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ትምህርት ቤት ሰነዱን ዓይኑ ያየ መምህር አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ቢሮ ውስጥ የተቆለፈ ነገር ነው። እኛ ጋ የደረሰው ወሬው ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ “ጥናቱ ምን ይላል” ብቻ እንዳይሆን። ምን ተባለ፣ ማን አለ፣ ለምንስ ታመነ ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አልነበረም፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ደግሞ መምህሩን መላእክት አታድርጉት። ደመወዝም ነበረበት። ለድሃ ልጅ ብለን ብቻ አልወጣንም።

የታሪክ መምህሩ፦
ጋሼ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔም ተረታሁ። ግን አንድ አንቀጽ ለወደኋላው ይፈቀድልኝ። ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው ያስተምራል። ያ ተማሪ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። “መሬት ለአራሹ” የተባለውም በዚያው ዓመት የካቲት ነው። በ1966 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከቆሙት መምህራን ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። አድማው ከሰማይ አልወረደም ለማለት ነው።

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያን ጊዜ መምህር የነበሩ አዛውንቶች እዚህ አሜሪካም አሉ፤ እኔ ራሴ የማውቃቸው አሉ። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባዎቹን አጋምሷል። ጉባኤውን አዘጋጅተን በኋላ እንቅዳ ከምንል፣ አሁኑኑ እንቅዳ። ወረቀቱ የትም አይሄድም፣ ሰዎቹ ግን ይሄዳሉ።

አንድ ስጋት አለኝ። እዚህ ሰው ስለ 1966 ሲያወራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ፓርቲዎች ጠብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀይ ሽብር። ወንድሙን ያጣ ሰው የካቲትን የሚያስታውሰው በዚያ ሐዘን በኩል ነው፤ አይፈረድበትም። ጠያቂው ግን ይህን አውቆ መግባት አለበት።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዋ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ለዚህ ነው ቃሉን ከጽሑፍ ጋር ማስተያየት ያለብን። የ1966 አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር፣ ማለት ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ይገኛል፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። የመንግሥት ጋዜጣ ስለሆነ ብዙ ነገር ይዘላል። የዘለለውን መመዝገብም ሥራ ነው።

ወጣቱ አባል፦
ስለ ተናጋሪዎቹ ልጠይቅ? ሁሌ የምንጠራው አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች ነው። ከዚያ ተጨባጭበን ቡና ጠጥተን እንበተናለን። የፍልስፍና ምሁሩ መሳይ ከበደ ትውልዱን ወደ አክራሪነት የገፋው ከባህሉ የነቀለው የምዕራብ ትምህርት ነው ብለው ይሞግታሉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ የተማሪውን ንቅናቄ ሲጽፉ የጊዜውን የፖለቲካና የኑሮ ሁኔታ አጥብቀው ያያሉ። ሌላው የታሪክ ምሁር ተከስተ ነጋሽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ማስተማሩን ለረጅም ጊዜ ሲተቹ የኖሩ ናቸው። እነሱን ራሳቸውን ባናገኝ እንኳ ሦስቱን አቋም የሚከራከር ሰው እናምጣ። ፊት ለፊት ይነጋገሩ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ። እኔ በባህል መነቀል በሚለው አልስማማም። የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ነው አስኳላ የገባሁት። ብዙ ጓደኞቼም እንደዚያው ናቸው፣ ቁርአን ቤት ያለፉም ነበሩ። የተነቀለው ማን ነው ታዲያ? ግን ይከራከሩ፣ መጥቼ እሰማለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ቀኑስ መቼ ነው? ረቂቁ ላይ “የካቲት 11 የመታሰቢያ ጉባኤ” የሚል ነገር አየሁና ደነገጥኩ። የካቲት 11 ሕወሓት የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ነው የሚታወቀው፤ የእነሱ 1967 ነው እንጂ 1966 አይደለም ብላችሁ ማን ይሰማችኋል? በነጋታው የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነው፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ዙሪያ መንገድ ይዘጋል። 23 ደግሞ ዓድዋ። ወሩ ሞልቷል።

ሰብሳቢ፦
ሃሃ፣ እውነት ነው። መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ይሁን። ርዕሱም ላይ ቀን አይጻፍ፣ ወሩና ዓመቱ ይበቃል።

ወጣቱ አባል፦
ከዛሬ ጋር ማያያዝስ? የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዋ፦
በጥያቄ ሰዓት ይነሳ። ርዕሳችን ላይ ከገባ ቀኑ በሙሉ ስለ ፈተና ስናወራ ይመሻል፣ 1966 ይረሳል። ያኔ የተጨቃጨቁት ማን ይማር በሚለው ነው፣ የአሁኑ ሌላ ጣጣ ነው።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ከተባለው ያወጣሁት ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

“ማኅበራችን የ1964 ሴክተር ሪቪውንና የየካቲት 1966 የመምህራን አድማን የሚመለከት የቃል ታሪክ ስብስብና የግማሽ ቀን ጉባኤ ለማዘጋጀት ያቅዳል። ዋናው ጥያቄ ጥናቱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። ለገጠር ልጅ ታስቦ የወጣ ሐሳብ የድሃ ጠላት ተደርጎ የተወሰደው ለምንድን ነው የሚል ነው። በመጀመሪያ በወቅቱ መምህር ከነበሩ ሰዎች ቃል እንቀበላለን፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያስተማሩ ይቀድማሉ። የሐረርና የደብረ ብርሃን መምህራን ማሰልጠኛ ምሩቃን ይፈለጋሉ። ቃላቸው ከጊዜው ጋዜጦች ጋር ይነጻጸራል። ጉባኤው የተለያየ አቋም ያላቸው ሦስት ተናጋሪዎች ይኖሩታል። ቅጂው ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ብቻ ለተመራማሪ ክፍት ይሆናል።”

ከሜሪላንድ፦
ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። ስም ይነሳ አይነሳ የሚለውም ለብቻው ይጠየቅ። ልጆቻቸው ኋላ የሚቆጡ አሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
ወላጆችንስ? አድማውን የደገፈ ወላጅ አለ፣ ልጄ ለምን ቤት ይውላል ያለም አለ። የመምህር ቃል ብቻ ከያዛችሁ ግማሹን ነው ያገኛችሁት። እናቶችን ጠይቁ።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ አስገባሁት፦ “የዚያን ጊዜ ወላጆችና ተማሪዎችም ይጠየቃሉ።”

ሒሳብ ያዥ፦
ለመቅጃ ስልካችን ይበቃል፣ ዕቃ አንግዛ። ገንዘቡ ለትራንስፖርትና ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጥ ሰው ይሁን። እሱ ነው ብዙ የሚበላው።

ሰብሳቢ፦
ተስማምተናል። ረቂቁ ሰኞ ይገባል። የታሪክ መምህሩ የ1957ቷን አንቀጽ እስከ እሁድ ይላክ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ። የመጀመሪያው ተጠያቂ ጋሼ ናቸው፣ ካልከበዳቸው።

ጡረተኛው መምህር፦
ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ከአንድ ሰው በላይ አትምጡ።