ኮሮላዬ በሦስት ፒስቶን ነው የምትሠራው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይከፈት ወይስ አይከፈት?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
ጀማው፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ኮሮላዬ ዛሬ ጠዋት ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) መንቀጥቀጥ ጀመረች። ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫ ቱቦዋ) ፑፍ ፑፍ ይላል፣ ጉልበት የሚባል የላትም። መካኒኩ ድምጿን ሰማና "የጭስ ማውጫ ቫልቭ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይወርዳል" አለኝ። ነገ እናቴን ሐረር ለሐኪም ቀጠሮ ማድረስ አለብኝ። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ ቫልቭ የሚሸጥ ታውቃላችሁ? ሁሉንም ልቀይር ወይስ የተበላሸውን ብቻ?

ከዚራ
አቦ ቆይ እንጂ! ቫልቭ መሆኑን በምን አወቀ? በጆሮ ብቻ ቴስታታ አይወርድም። የሞተ ካንዴላም (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የተበላሸ የካንዴላ ገመድም፣ የተደፈነ ኢንጀክተርም (ቤንዚን የሚረጨው) ልክ እንዲህ ያንቀጠቅጣል። ሞዴሉን አልጻፍክም፣ ሞተሩን አልጻፍክም፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች አልጻፍክም።
መጀመሪያ የትኛው ፒስቶን እንደሞተ እወቅ። ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት በየተራ ንቀል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥበት እሱ ነው። ከዚያ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይር። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ በካንዴላ ዋጋ ትገላገላለህ።

ባቡር ጣቢያ
ካንዴላ ቀይር። የኔም እንደዚሁ ሆና በካንዴላ ነው የዳነችው።

ፔጆ 404
የኔ ልጅ፣ እኔ ሐረር ውስጥ ፔጆ ሥር ተኝቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቫልቭ ለምን እንደሚቃጠል ልንገርህ፣ ሌላውም ይስማ። የጭስ ቫልቭ የሚቀዘቅዘው በሚዘጋበት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው ለመቀመጫው ነው። በደንብ ካልተቀመጠ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፣ የሚነደው ጋዝም በቀጭኗ ክፍተት እየተወረወረ ጠርዙን ይበላዋል።
ብዙ በሄደ ሞተር ደግሞ ቫልቩና መቀመጫው ቀስ እያሉ ይበላሉ። ቫልቩ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከካሙ (ቫልቩን እየገፋ ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር ያለው ክፍተት ይጠብባል። በመጨረሻ ካሙ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ አይለቀውም። ሰው የሚንኳኳ ቫልቭ ሲሰማ ደንግጦ ጋራዥ ይሮጣል። የላላ ቫልቭ ግን ይናገራል። የጠበበው ዝም ይላል፣ ዝም ብሎም ይቃጠላል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)
በፈረንጅ 1997 ሞዴል ናት፣ 4ኤ ሞተር፣ 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሦስተኛው ነው የሞተው። ካንዴላም ገመድም ቀይሬ ያው ነው። ሌላ ጋራዥ ኮምፕረሽን (በየፒስቶኑ ያለውን የአየር ግፊት) ለኩልኝ፦ 160፣ 155፣ 60፣ 158 ፒኤስአይ። አሁንስ ምን ትላላችሁ?

ባቡር ጣቢያ
ካንዴላው ኦሪጅናል ነው? አንዳንዱ አዲሱም አይሠራም። ድጋሚ እየው።

ድሬ ታክሲ
ቤንዚን ላይ የሚጨመር የኢንጀክተር ማጽጃ አለ። እሱን ጨምረህ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት አንድ ጊዜ በኃይል ውጣ፣ ካርቦኑ ይራገፋል።

ከዚራ
@ድሬ ታክሲ፣ እባክህ ይሄን አትምከረው። 60 ላይ የወረደ ኮምፕረሽን ነው የምናወራው። የተበላ ብረት በፈሳሽ አይመለስም።
@የሳቢያን ልጅ፣ አሁን ቁጥር ስላለ በቁጥር እናውራ። 160ው የመኪናው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው አንሶ ቢታይህ አትደንግጥ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ስለሚሳሳ መለኪያው ከአሥር በመቶ በላይ ዝቅ ብሎ ያነባል። ሐረር 1,900 ገደማ ስለሆነች እዚያ ከዚህም ይቀንሳል። ሦስቱ ጤነኛ ናቸው። ሦስተኛው ግን እያፈሰሰ ነው። በየት በኩል? ጥያቄው ይሄ ነው።
በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ እንደገና አስለካ። ቁጥሩ ጥሩ አድርጎ ከወጣ ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። ጓርኒሲዮን ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ይወርዳሉ፣ ያንተ ግን አንድ ብቻውን ነው። ሲለካ ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ የቤንዚን ማስፈንጠሪያው ይቋረጥ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ባትሪው ጠንካራ ይሁን። ይሄ ካልተደረገ ቁጥሩ አይታመንም።

ሸዋ በር
ኮምፕሬሰር ያለው ጋራዥ ካለህ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሦስተኛውን ፒስቶን ጫፍ ላይ አምጡት፣ ቫልቮቹ ሁሉ የሚዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ። ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አለበለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል፣ እጅም ይጎዳል። በካንዴላው ቀዳዳ አየር ልቀቁና አዳምጡ። በማርሚታው ጫፍ ሽሽሽ ካለ የጭስ ቫልቭ ነው። በአየር ማስገቢያው በኩል ከመጣ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን።
ኮምፕሬሰር ከሌለ ቀጭን ወረቀት ማርሚታው አፍ ላይ ያዝ። ጤነኛ ሞተር ዝም ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል። በየመሐሉ ወደ ውስጥ ከሳበው የጭስ ቫልቭ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም።

ፔጆ 404
ልጄ፣ እናትህን ነገ በሚኒባስ ውሰዳት። በዚህ ሁኔታ ደንገጎን አትውጣ። ሳይነድ የሚያልፈው ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ እየነደደ ያግላል። የተሰነጠቀ ቫልቭም ተገንጥሎ ከወደቀ ፒስቶኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ከዚራ
ጋሼ ልክ ናቸው። ቫልቭ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ግዢው እናውራ፣ ታይዋን የትም አይሄድም። ያንተ ሞተር 16 ቫልቭ ነው፣ ስምንቱ የጭስ ናቸው። ሁሉንም መጣል የለብህም። ቴስታታው ሲወርድ መካኒኩ የየፒስቶኑን ቀዳዳ ቤንዚን ሞልቶ ይይ፣ የሚያንጠባጥበው ይለያል። የተቃጠለውን ቀይር፣ የቀሩትን ከመቀመጫቸው ጋር አስፈጭ። የቫልቩ መሄጃ የላላ ከሆነ አዲሱም ቶሎ ይቃጠላል፣ እሱን ሳታስለካ አትዝጋ። ቴስታታው ጠሞ ከሆነ ይላግ። የቫልቭ ጎሚኒዎቹንና (ዘይት የሚያግዱትን ጎማዎች) ጓርኒሲዮኑን አሮጌውን አትመልስ። ሲገጠም ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ይለካ፦ የጭሱ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር፣ የማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25። በሺም (በልክ በተሠራ ቀጭን ብረት) ነው የሚስተካከለው፣ "በግምት ሠራሁት" የሚልህን አትቀበል።

ፔጆ 404
ምን ሆነ ታዲያ? ዘይቱን ጨምረህ አስለካህ?

አፈተ ኢሳ
ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። የኔ ቪትዝ ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ወዲያው ይጠፋል። ይሄም የተቃጠለ ቫልቭ ነው?

ሸዋ በር
አይደለም። ያንቺ የቫልቭ ጎሚኒ ይመስላል፤ ሌሊት ዘይት ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። ለብቻው ጠይቂ፣ እዚህ ይጠፋብሻል።