የቡቱርሊን ሮዝ ጉል፦ የ13 ቀን ልዩነቱና የጠፋው ቀለም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሩሲያዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ሰርጌይ ቡቱርሊን ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። ሆዱ ሮዝ የሆነውን የባሕር ወፍ፣ ጉሉን፣ መራቢያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1905 ሳይቤሪያ ውስጥ ያገኘው እሱ ነው። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። ወፉ ከ1823 ጀምሮ እየታወቀ መራቢያው ይህን ያህል ዘመን እንዴት ተሰወረ? ቀኖቹስ ከምንጭ ምንጭ ለምን በ13 ይለያያሉ? ደግሞ በሙዚየም ፎቶ ላይ ወፉ ነጭ ነው፤ ሮዙ የት ገባ?

መልስ 1
መራቢያው የተሰወረው ሰው ሁሉ ወደ በረዶው ስላየ ነው። ይህ ጉል ጫጩቶቹን ካሳደገ በኋላ ወደ ደቡብ በመሸሽ ፈንታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተንሳፋፊው በረዶ ይወጣል። መርከበኞች እዚያ ሲያዩት ጎጆውም እዚያው አቅራቢያ ነው ብለው ገመቱ። ቡቱርሊን ያገኘው ግን በኮሊማ ወንዝ ዴልታ፣ ፖሆድስክ መንደር አካባቢ ነው፤ ሳርና ድንክ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ኩሬ በኩሬ የሆነ ረግረግ ላይ። እንቁላሎቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ወይራማ አረንጓዴ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያላቸው ናቸው። ጎረቤቶቹም ብዙ ጊዜ የአርክቲክ ተርኖች የሚባሉ የባሕር ወፎች ናቸው፤ ተርን ጠላትን በጩኸትና በምንቃር ስለሚያባርር ለጉሉም ከለላ ነው።
ቡቱርሊን በትምህርቱ የሕግ ሰው እንደነበር አይዝለሉት። ከአእዋፍ ተመራማሪው ዴሜንቲየቭ ጋር ያዘጋጀው የሶቪየት ኅብረት ወፎች መለያ መጽሐፍ አምስት ቅጽ ነው፤ መታተም የጀመረው በ1934 ነው። እሱ በ1938 ስላረፈ ፍጻሜውን አላየም።

መልስ 2
ቀኑን በተመለከተ፦ ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ የምትቆጥረው በዩልየስ አቆጣጠር ነበር። ዛሬ ዓለም ወደሚጠቀምበት የግሪጎርዮስ አቆጣጠር ለመቀየር ከማርች 1900 ወዲህ ላለ ቀን 13 ይደምሩ፤ ከዚያ በፊት ላለው የ1800ዎቹ ቀን 12። በሙዚየሙ ወፍ መለያ ካርድ ላይ 13/26 ጁን ዓይነት ድርብ ቀን ካለ ሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎልዎታል፤ ምንም አይደምሩ። የእኛም ዘመን አቆጣጠር ከዩልየስ ጋር እኩል ስለሚራመድ መስከረም 1 በዚያ አቆጣጠር ኦገስት 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 30።
ትንሽ ስህተት እንዳይመስልዎ። ይህ ጉል እንቁላሉን የሚታቀፈው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። 13 ቀን ከተሳሳቱ ትናንት የተጣለውን እንቁላል ሁለት ሳምንት የታቀፈ ያደርጉታል።

መልስ 3
ሮዙ ከምግብ የሚገኝ፣ ካሮቲኖይድ የሚባል ቀለም ነው። ወፉ ከሞተ በኋላ ብርሃንና አየር እየበሉት ይሄዳል፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለዕይታ የቆመ ከሆነማ ፈጥኖ ይነጣል።
ሁለተኛው ጠላት ስብ ነው፤ የባሕር ወፍ ስብ ይበዛበታል። ወፉ ለሙዚየም ሲዘጋጅ ቆዳው የሚገፈፈው ከፍርምባው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች በመቅደድ ነው፤ የሆድ ዕቃው ግን መነካት የለበትም፣ ከተነካ ፈሳሹ ላባውን ያበላሻል። እግሩ ጉልበቱ ላይ፣ ጅራቱ ሥሩ ላይ ይቆረጥና ቆዳው እንደ ጓንት እየተገለበጠ እስከ ምንቃሩ ይወርዳል። በየመሃሉ ሰጋቱራ ወይም የበቆሎ ዱቄት ይነሰነሳል። ከዚያ በላባዎቹ ሥር መካከል የተጋገረው ስብ ተፍቆ ካልወጣ ከዓመታት በኋላ አሲድ ሆኖ ቆዳውን ያፈረካክሳል፣ ሆዱንም ብጫ ያደርገዋል። ፎቶው ላይ ብጫ ካዩ የስብ ቃጠሎ ነው እንጂ የሮዙ ቅሪት አይደለም።
ሬሳው ሳይጣል ጾታው ይታያል፤ በሴቷ ኦቫሪ (እንቁላል የሚፈጠርበት ዕጢ) የሚገኘው በግራ በኩል ብቻ ነው። በጥጥ የተሞላው ቆዳ ሲሰፋ መለያ ካርዱ እግሩ ላይ ይታሰራል። ቀን፣ ቦታና ጾታ የሌለበት ቆዳ ለሳይንስ ዋጋው ጥቂት ነው።
የዚያን ዘመን ቆዳ በአካል ካገኙ ያለ ጓንት አይንኩት፣ አርሴኒክ ይቀባ ነበርና። ብል ከገባበት በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይመለስ አይከፈት፣ አለዚያ ጤዛ ላባው ላይ ያርፋል።

መልስ 4
አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሩሲያውያን ወፉን የሚጠሩት በቀለሙ ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1823 ተኩሶ በመታው በአሳሹ በጄምስ ክላርክ ሮስ ስም። በእኛ ፊደል «ሮዝ» እና «ሮስ» የሚለዩት በአንድ ፊደል ስለሆነ፣ በጽሑፍዎ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ይግለጹ።