ዲቴክተሩን ለወርቅና ለጠገራ ብር እንዴት ላስተካክለው?

የቦርከና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነኝ። የእህቴ ባል ከሳዑዲ ሲመለስ ያገለገለ የብረታ ብረት መፈለጊያ ዲቴክተር ይዞ መጣ። መመሪያ የለውም። ጓሮ ስሞክረው ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ሴንሲቲቪቲውን (ትንሽ ነገር የመስማት አቅሙን) ስጨምርለት ደግሞ ይብስበታል። ያሰብኩት አያቶቻችን ቀበሩት የሚባለውን ጠገራ ብር የድሮ ቤታችን ፍርስራሽ ላይ ልፈልግ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አሶሳ ወርቅ የሚቆፍር ዘመድ ጋ ልሂድ ብዬ ነው። አንድ ሰቲንግ ለሁለቱም ይሆናል? መቅደላ አካባቢ የጦርነት ዕቃ ብፈልግበትስ?

ጦሳ ሥር
አይሆንም ወንድሜ። መጀመሪያ ሴንሲቲቪቲውን ቀንሰው፣ ጩኸቱ እስኪረጋ። የኛ ደጋ ባዛልት ነው፣ አፈሩ ብረት አለበት፣ ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ ያስጮኸዋል። ከዚያ ግራውንድ ባላንስ አድርግ፣ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር አስማማው ማለት ነው። ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ላይ ጫፉ ላይ ያለውን ክብ ሳህን ከመሬት ከፍ ዝቅ እያደረግህ ድምፁ አንድ ዓይነት እስኪሆን ታስተካክላለህ። አፈሩ ሲቀየር እንደገና።

ጠገራው ቀላል ነው። ብር ነው፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስክሪኑ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል። ዲስክሪሚኔሽን (የማትፈልገውን ብረት የሚያስንቀው ማስተካከያ) ተጠቅመህ ሚስማሩን ዝም ብታሰኘው ብዙ አትጎዳም።

ወርቅ ላይ ግን ይሄንኑ ካደረግህ አለቀልህ። ትንሽ የወርቅ ፍሬ የምትሰጠው ቁጥር ዝቅተኛ ነው፣ ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጋር አይለይም፣ ብረታም አፈር ውስጥ ስትሆን ማሽኑ ብረት ናት ሊልህ ይችላል። ስለዚህ ዲስክሪሚኔሽኑን አጥፍተህ፣ ሳህኑን ከመሬት እያስጠጋህ፣ ቀስ ብለህ፣ የጮኸውን ሁሉ መቆፈር ነው። አድካሚ ነው አቦ።

የደላንታው
ብቻ እኛ ጋ እንዳትመጣ 😂 ወገልጤና ያለው ኦፓል ነው፣ ኦፓል ደግሞ ብረታ ብረት ስላልሆነ በላዩ ብትመላለስበት ድምፅ የለም።

ሐይቅ ዳር
መቅደላን እርሳው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋም ቁፋሮም ይከለክላል፣ በአጋጣሚ ያገኘኸውንም ማስረከብ አለብህ። ጓሮህ ውስጥ ቢሆንም ያው ነው። ለአሶሳውም ዘመድህ ፈቃድ እንዳለው ጠይቀው።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ወሎ ላይ ጣሊያን በ1928 ቦምብ ጥሏል፣ በ2014 ደግሞ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ያልፈነዳ ነገር እርሻ ላይ ሳይቀር ይገኛል። ጦሳ ሥር ብረቱን ዝም አሰኘው ያለው ለሚስማር ልክ ነው፣ ግን የከባድ መሣሪያ ጥይትም ብረት ነው፣ እሱም አብሮ ዝም ሊል ይችላል፣ አንተ ጠገራ ብለህ ዶማ ስትሰነዝር አጠገቡ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ዲስክሪሚኔሽኑን አጥፍቼ፣ ለሁሉም ብረት እንዲጮህ አድርጌ ቦታውን አስሳለሁ። ሰፊና ጠንካራ የብረት ድምፅ ከሰጠ አልነካውም፣ ምልክት አድርጌ ለፖሊስ እነግራለሁ።

የቦርከና ልጅ
እሺ ጋሼ፣ መቅደላው ቀርቷል። ፍርስራሹም ቢሆን መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም ልጠይቅ። እጀታው ላይ 15 ኪሎኸርዝ ይላል፣ ይሄስ?

ጦሳ ሥር
ፍሪኩዌንሲው ነው፣ መካከለኛ ነው። ለጠገራ ይበቃል። ባቄላ የምታክል ወርቅም ይይዛል። የጤፍ ፍሬ የምታክለዋን ግን ያልፋታል፣ ለእሷ ከ45 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነ ማሽን ነው የሚሻለው። አሶሳ ሳትወስደው የእናትህን የወርቅ ጆሮ ጌጥ አፈር ላይ አድርገህ ሞክረው፣ አትቅበረው ብቻ።