ጥቆማ፦ እናቴን የት ላሳልማት? ፓሩማላ፣ ፑቱፓሊ ወይስ ማናርካድ?

እህተ ማርያም፦ እናቴ ህንድ፣ ኬረላ ውስጥ ኮቺ ከተማ ታክማ ተሽሏታል። ሐኪሙ መልሶ እስኪያያት ሁለት ቀን ክፍት አለን። ኮታያም ከተማ አድረን ከእነዚህ ከሦስቱ የህንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ላሳልማት ፈለግሁ። ብዙ መቆምና ደረጃ መውጣት አትችልም። የትኛው ይሻላል? ባቡር ወይስ መኪና? ማረፊያስ?

የፓምባ ዳር፦ ፓሩማላ። የህንዱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ መቃብር ያለው እዚያ ነው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ በቅድስና የታወጁት ደግሞ በ1947። በዓላቸው በእኛ ጥቅምት 23 ይውላል፤ ያን ሰሞን ሕዝቡ ከየአገሩ በእግሩ ስለሚመጣ መቆሚያ አይገኝም። በሌላው ጊዜ በሥራ ቀን ከሄድሽ እናትሽ ተረጋግተው ይሳለማሉ። ጫማ እንደኛው ይወልቃል።

ወለተ ኪዳን፦ ማናርካድ ማርያም ነው እንጂ! በየዓመቱ ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜን 3 ይጾማሉ፤ ፍልሰታ በፈታን በአሥረኛው ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን 2 የእመቤታችን ሥዕል መጋረጃ ይገለጣል። በዓመት አንዴ ብቻ!

አቤል፦ እህታችን የቀራት ሁለት ቀን ነው። እስከ ጳጉሜን ኮታያም ትከራይ?

ወለተ ኪዳን፦ መጋረጃው ባይገለጥም እመቤቴ ሁሌም እዚያው ናት። ማናርካድ ነው የምልሽ።

ሰናይት፦ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ማረፊያውን አስቢ። ኮታያም ውስጥ አንድ ሎጅ በስልክ መተግበሪያ አስከፍሎን፣ ማታ ሻንጣ ይዘን ስንደርስ «ለውጭ ዜጋ አናከራይም» አለን። ገንዘባችንም አልተመለሰም።

ዮናስ፦ የትኛው ነው? ስሙን ጻፊልን።

ሰናይት፦ ስም አልጠራም። ከታመመ ሰው ጋር መንገድ ላይ መቅረትን ግን ለማንም አልመኝም።

ሐና፦ ህንዶች አበሻ አይወዱም ማለት ነው?

አቤል፦ የጥላቻ ጉዳይ አይደለም። የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ቤት ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ «ፎርም ሲ» የሚባለውን በኢንተርኔት ለኢሚግሬሽን መሙላት አለበት። ትንንሾቹ ሎጆች ለዚህ አልተመዘገቡም፤ ካሳደሩ ስለሚቀጡ በር ላይ ይመልሳሉ። መተግበሪያው ደግሞ ዜግነትሽን ሳይጠይቅ ያስከፍልሻል። ስለዚህ ሳትከፍይ ደውለሽ «ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» በይ። ካመነቱ ተዪው። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ፣ የታተመ ቪዛና የመግቢያ ማኅተሙ ያለበትን ገጽ ለየሰው ሁለት ሁለት ኮፒ ያዢ፤ ሌሊት ፎቶ ኮፒ ቤት አይገኝም።

ሐና፦ የሕክምና ኢ-ቪዛ ለማራዘምም ይኼው ፎርም ነው?

አቤል፦ አይደለም። የቪዛው ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ጋር ለብቻው ይጠየቃል። ብትችዪ ሌላ ጥያቄ አድርገሽ ለጥፊው፤ እዚህ ይጠፋል።

ብሩክ፦ ሁለት ቀን ካላችሁ ሙናር ውጡ! የሻይ እርሻው፣ አየሩ!

የፓምባ ዳር፦ ደረጃ ለማይችሉ እናት ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ? ጥያቄውን አንብበው።

ገብረ ሥላሴ፦ አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ፓሩማላና ፑቱፓሊ መንበራቸው ኮታያም፣ ዴቫሎካም በሆነው ካቶሊኮስ (እንደ እኛ ፓትርያርክ ያሉ የበላይ አባት) ሥር ናቸው። ማናርካድ ግን በአንጾኪያ ፓትርያርክ ሥር ያለ የያዕቆባውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱም የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ እህቶቻችን ናቸው፤ እርስ በርስ ግን ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ስላለባቸው አንዱ ጋ ሆናችሁ ስለ ሌላው አታንሡ። መቁረብ የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ ካህኑን አነጋግሩ።

ጊዜ ካገኛችሁ እዚያው ኮታያም እ.ኤ.አ. በ1815 የተመሠረተው የድሮው ሴሚናሪ አለ። ጃንሆይን በአማካሪነት ያገለገሉት አባ ፖል ቨርጊስ፣ በኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ የተባሉት፣ ለብዙ ዓመታት የመሩት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የአብያተ ክርስቲያናቱ መሪዎች ሲሰበሰቡም የዚያን ጊዜው ካቶሊኮስ መጥተው ነበር። ለእኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጊዮርጊስ ወዳጅ፦ ፑቱፓሊ ጊዮርጊስን ማንም ሳይመክራት? ከኮታያም ስምንት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሦስቱ ለመንገድ የማይከብደው እሱና ማናርካድ ናቸው። የጊዮርጊስ በዓላቸው ከእኛ ሚያዝያ 23 ጥቂት ቀን ዘግይቶ ይውላል። ሕዝቡ ዶሮ ይሳላል፣ ተሠርቶም ይታደላል።

ኤርናኩላም፦ ስለ ባቡሩ ማንም አልመለሰላትም። ከኤርናኩላም (ኮቺ ማለት ነው) ወደ ደቡብ ሁለት የባቡር መስመር አለ፤ አንዱ በአላፑዣ፣ አንዱ በኮታያም። «ወደ ትሪቫንድረም» የሚለውን ብቻ አይታችሁ ከገባችሁ ኮታያምን ሳታዩ ታልፋላችሁ። እንዳትሳሳቱ በሜትሮ እስከ መጨረሻው ትሪፑኒቱራ ሂዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተው ጣቢያ ከባቡር ጣቢያው ጎን ነው፣ በዚያ የሚያልፈውም የኮታያም መስመር ብቻ ነው። በ2022 ሐዲዱ ድርብ ስለሆነ ተላላፊ ባቡር ለማሳለፍ መቆሙ ቀርቷል። ጠዋት በሥራ መግቢያና ማታ በመውጫ ሰዓት ግን መቀመጫ አስቀድሞ የማይያዝበት ፉርጎ ይጨናነቃል፤ ለታማሚ አይሆንም።

ለፓሩማላ ቲሩቫላ ወይም ቼንጋኑር ጣቢያ ወርዳችሁ በኦቶ (እንደ እኛ ባጃጅ) ትሄዳላችሁ። ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ከከተማ ሲወጣ የባዶ መመለሻ ይጨምራል። ጥሬ ሩፒ ያዙ፤ በስልክ መክፈያው ከህንድ ባንክ ጋር ላልተያያዘ ሰው በቀላሉ አይሠራም።

እህተ ማርያም፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚታጠፍ ዊልቸር አለን፤ ኦቶ ውስጥ ይገባል?

ኤርናኩላም፦ እናትሽና አንቺ ከተቀመጣችሁ አይገባም። ታክሲ ያዢ። ነገር ግን ብዙዎቹ በጋዝ ስለሚሄዱ ሲሊንደሩ የዕቃ ማስቀመጫውን ይይዘዋል። ስትደውዪ ትልቅ መኪና፣ ባዶ የዕቃ ቦታ ያለው በይ፤ ለመጠበቂያውም በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል አብረሽ ጠይቂ።

ወለተ ኪዳን፦ ማናርካድ እኮ ዋናው የኩሚሊ መንገድ ላይ ናት፤ ታክሲውም ብዙ አያስከፍልሽም።

ሰናይት፦ ፎርም ሲውን እንዳትረሺ።