የአራስ ልጅ ዕቃ፦ ለሕፃንም ለአካባቢም የሚሻለው የትኛው ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድኩ እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በየቀኑ የምንጥለው ዳይፐር ብዛት ስለሚያሳስበኝ ሽንት ጨርቅ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ሆኖም ውኃው አይበቃም ብዬ እሰጋለሁ። በተጨማሪም «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሳሙናዎች ዋጋቸው ከሌሎቹ በጣም ይበልጣል። በእርግጥ ይሻላሉ? እናቴ ደግሞ በእንዶድ እጠቢ ትለኛለች።

መልስ፣ ከሁለት ልጆች እናት
እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። ሁሉንም በአንዴ መለወጥ የለብሽም፤ ቀን ቤት ስትውሉ ሽንት ጨርቅ፣ ሌሊትና ስትወጡ ዳይፐር ብትጠቀሙ እንኳን የምትጥሉት በብዙ ይቀንሳል። ያረጀ ነጠላ ወይም አቡጀዲ ከወፍራም ፎጣ ይመረጣል፤ ስስ ስለሆነ በትንሽ ውኃ ይታጠባል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሰገራ የነካውን አራግፈሽ ሽንት ቤት ከደፋሽ በኋላ ሽንት ብቻ ከነካው ለይተሽ ዘፍዝፊው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውኃ አትድፊው፤ በባልዲ አስቀምጪውና ሽንት ቤት ለመልቀቅ ይሆንሻል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን በረንዳ ላይ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው በረኪና የምታበዢበት ምክንያት አይኖርም።

መልስ፣ ከለንደን
የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ጨርቅ ከዳይፐር መሻሉ በአስተጣጠቡ ላይ እንደሚወሰን አሳይቷል። በጣም በሞቀ ውኃ አጥቦ በማሽን የሚያደርቅ ሰው ጥቅሙን ያጣዋል፤ ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብ፣ ውጭ የሚያሰጣና ለሁለተኛ ልጅ የሚያቆይ ግን በግልጽ ይጠቀማል። እኛ በክረምት በግድ ማድረቂያ እንጠቀማለን፤ እናንተ ዘንድ ያለው ፀሐይ በዚህ ረገድ ትልቅ ሀብት ነው።

መልስ፣ ከፋርማሲ ባለሙያ
«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እንዶድን እንመልከት፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ለጋቢና ለነጠላ ጥሩ ማጠቢያ ቢሆንም እጣቢው ወንዝ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለአራስ ልጅ ጨርቅም እኔ አልመርጠውም። ሽታ ያልተጨመረበት ተራ ሳሙና፣ በደንብ ከተለቀለቀ፣ ይበቃል። ጡጦን በተመለከተ፣ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ከተሰጣት ጭራሽ መግዛት አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ግን ናፍታሊን ነው። ከዘመድ የተወረሰ የሕፃን ልብስ መልበሱ እጅግ የሚደገፍ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልብሱ ከናፍታሊን ጋር ሻንጣ ውስጥ የቆየ ከሆነ፣ በተለይ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ባነሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስና ለከባድ ቢጫነት ሊዳርግ ይችላል። ታጥቦ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ውጭ ሳይናፈስ ልጅቷን አያልብሷት።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴ ልጆች ልብስ በናፍታሊን የተቀመጠ ስለሆነ አስቀድሜ እሱን አጥባለሁ። ቀን ቀን በአቡጀዲ እንጀምራለን። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ በረንዳ ላይ የሚሰጣው ጨርቅ እንዳይሸት ምን ታደርጋላችሁ?